ማሰሪያ የሌለው ጥቁር ጫማ

ሲያትል፣ ጥቅምት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወዳቸው ለአጎቴ ለጋሼ ተክለ ጻድቅና ለእትዬ ፋንታዬ፤

የጌታችን ጸጋና ሰላም በቤታችሁ ይብዛ። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍላችሁ እግሬ እስከ ቅርብ ጊዜ ከደህናዎቹ ወገን አልነበረም። አሁን ግን ተመስገን።

ካፒቶል ሂል ያለ ሬስቶራንት ውስጥ ሰሐን እንደማጥብ ነግሬአችኋለሁ። በቀን አሥር ሰዓት ሲሚንቶ ላይ መቆም ነው። ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ምስማር እንደ መርገጥ ሆነችብኝ። ቱክዊላ ካለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ እንደ ትራስ የሚለሰልስ ጫማ ገዛሁ፤ ባሰብኝ። በመጨረሻ አብራኝ የምትሠራ ሴት ባላርድ ወደሚባል ሰፈር፣ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሠሪ ዘንድ ወሰደችኝ። ሚስተር ላርሰን ይባላሉ። ተረከዜን ከመንካታቸው በፊት ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አስኬዱኝና አረማመዴን አዩ። ከዚያ ለስላሳ ጫማ እግርን ያባብላል እንጂ አይደግፍም አሉኝ፤ የእኔ እግር የሚፈልገው መሐሉን ከፍ አድርጎ የሚይዝለት ነው። ከቡሽና ከቆዳ ጫማው ውስጥ የሚነጠፍ ሶል ሠሩልኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ድንጋይ የረገጥኩ መስሎኝ ተማረርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ይኸው አሁን ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ።

ጋሼ ምን ሆኑ? ድሮ እትዬ የጻፉት ደብዳቤ ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ሳይጨምሩ አይቀሩም ነበር። ከሰኔ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ፤ አንድም መልስ የለም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ቤት ዝም ስትለኝ ምን ብዬ ልተኛ? የሐሙስ ሰዎችን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

የእናንተው አዲስአለም


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአዲስአለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል። እኛ በሙሉ ደህና ነን። ደብዳቤዎችሽ ደርሰውናል። መልስ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። አጎትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። የሚመለስበትን ቀን የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ነው።

የእግርሽ መዳን ደስ ብሎኛል። ያ ሽማግሌ የሠሩልሽ ዓይነት ጫማ ለአንድ ለምናውቀው ሰው እፈልጋለሁ። ቁጥሩ አርባ ሁለት ነው። ሁለቱንም እግሩን ከሥር፣ ከጣቱ እስከ ተረከዙ ያመዋል። ጫማው ጥቁር ይሁን። ማሰሪያ አይኑረው። ዘለበት፣ ምስማር፣ ብረት የሚባል ነገር እንዳይገባበት አደራ። ውስጡ ግን አንቺ እንዳልሽው ይሁን።

ወደ ፊት ስትጽፊ አሳጥሪው። ስለ ጤናሽና ስለ አየሩ ብትነግሪኝ ይበቃኛል። ረዥም ጽሑፍ ዓይኔን ያደክመዋል።

ፋንታዬ


ሲያትል፣ ጥር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋንታዬ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእግዚአብሔር ስም የለበትም። ተመስገን የምትል ቃል እንኳ የለበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከቀበሌ የተጻፈልኝ መሰለኝ።

ጋሼ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ስለደከመ ከእንግዲህ ቢሮ ተቀምጠው ካርታ ይሥሩ ተብለዋል ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ቅየሳ ብሎ ክፍለ ሀገር የላካቸው ማነው? ተጣልታችሁ ነው? ከቤት ወጥተው ነው? እውነቱን ቢነግሩኝ እችለዋለሁ። የማልችለው ይህን ዝምታ ነው።

ስለ ጫማው ሚስተር ላርሰንን ጠየቅኋቸው። ያላየሁትን እግር አላለብስም አሉ። ቢያንስ ሰውየው ወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያው በእርሳስ ይለካ፤ የሚያመውም ቦታ ምልክት ይደረግበት። ስኳር እንዳለበት ወይም እንደሌለበትም ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ሶሉ ቢያቆስለው እንኳ አይሰማውም ይላሉ። ሐኪም አይቶታል? ብረት አይኑረው ያሉትስ ለምንድነው? ሰውየው ማነው?

ደግሞ ታኮማ ያለው ዘመድኩን ክፉ ወሬ ሰምቷል። የጸሎት ቤታችን ታሸገ፣ ሰዎችም ተያዙ ይባላል። እውነት ነው? የሐሙሱ ጉባኤስ አሁንም እናንተ ሳሎን ነው? እነማን ይመጣሉ?

ቶሎ ይመልሱልኝ።

አዲስአለም


ናዝሬት፣ መጋቢት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአዲስአለም፤

እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ መንገድ ላይ ተቀዶ ኖሮ ደግ ሰዎች በፕላስተር አሽገው አደረሱልኝ። መልሴ የዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የታሸገ ነገር የለም። እኛ ሳሎን ውስጥ ያሉት ሶፋውና ሬዲዮኑ ናቸው። ዘመድኩን የሚባል ሰው አላውቅም።

የሕመምተኛውን እግር ልክ ልኬልሻለሁ። የተገኘው ወረቀት ይኸው ብቻ ስለሆነ ይቅርታ። ስኳር የለበትም። ቁርጥማትም አይደለም። ሐኪም አላየውም። የሚያመውን ቦታ ምልክት አድርግ ቢባል ሁሉንም አጠቆረው።

ከእንግዲህ አትጠይቂኝ። ጫማውን አሠሪልኝ።

ፋንታዬ


ሲያትል፣ ግንቦት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ፋንታዬ፤

ይህን ደብዳቤና ጫማውን በእጅዎ የምታስረክብዎ ማንአልሞሽ ናት። እዚህ ነርስ ናት፤ እናቷ ስለታመሙባት ነው የምትመጣው። እንደ ራሴ አምናታለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

የላኩልኝ ልክ ሲደርሰኝ ተናድጄ ነበር። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል የተሠመሩ ሁለት እግሮች ናቸው። መኪና ውስጥ ትቼው ሁለት ሳምንት ዞረ። አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ ሀብተ ጊዮርጊስ ለሚባል ልጅ ሊፍት ሰጠሁት። በሱዳን በኩል ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነው፤ ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወርዳል። ቤቱ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ ወረቀቱ እግሩ ሥር ወደቀ። አነሳውና ገልጦ አየው። ሊወርድ የከፈተውን በር መልሶ ዘጋ።

«ማን ነው የታሰረባችሁ?» አለኝ።

ማንም አልታሰረም አልኩት። አክስቴ ለምታውቀው፣ እግሩን ለሚያመው ሰው ነው፤ እንዲያውም ማሰሪያና ብረት አይኑረው ብላ አስቸገረችኝ አልኩት። ማሰሪያና ብረት እስር ቤት እንደማያስገቡ ነገረኝ። እነሱም ሲታሰሩ ወረቀታቸው የሲሚንቶ ከረጢት፣ እርሳሳቸው ከሰል ነበር። ከዚያ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። የቀኙ እግር ከመሐሉ ወደ ጎን አብጧል። የግራው አውራ ጣት ከቦታው ሄዷል። «ይህ ሰው ቆሞ አልተለካም፤ ተቀምጦ ነው። መቆም አይችልም» አለ። ማመኔን ሲጠራጠር ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ የራሱን ውስጥ እግር አሳየኝ። ወፌ ላላ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዘቅዝቀው ውስጥ እግርን መግረፍ ማለት ነው። ሲባል መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ቆዳው እንደ ተልባ ቅባት ያብረቀርቃል፤ ሥሩ ግን የተፈጥሮ ቅርጽ የለውም።

ቤቴ እስክደርስ ያሰብኩት ስለ ጋሼ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ደብዳቤ ነበር። «እነማን ይመጣሉ?» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ ላክሁልዎ። የፕላስተሩን ነገር ሲጽፉልኝ እንኳ አልገባኝም።

ለሚስተር ላርሰን ሰውየው እስረኛ ነው፣ እግሩን ነው የመቱት አልኳቸው። በምን ጥፋት ብለው አልጠየቁም። ሌላ ሥራቸውን ወደ ጎን አደረጉ። የተጎዳ ውስጥ እግር እንደ እኔ ከመሐሉ አይደገፍም፤ እዚያ ላይ ቢገፋ ሕመም ነው። ስለዚህ ክብደቱን ዙሪያው እንዲሸከም አድርገው፣ ከላይ ወፍራም የበግ ሱፍ፣ ከሥሩ ቡሽ አነጠፉ። ቀኙን እብጠቱ የሚያርፍበት ቦታ አጎድጉደውለታል። ሁሉም በማጣበቂያ ነው፤ አንድ ምስማር የለውም። በጎንና በጎኑ ላስቲክ ስላለው ያለ ማሰሪያ ይጠልቃል።

አዲስ ጫማ ከበር አያልፍም፣ ጠባቂው ለራሱ ያደርገዋል ያለን ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ ሱቁ ጓሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ተቀምጠን አስፋልቱ ላይ ፈገፈግነው፤ የሞተር ዘይትም ቀባነው። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው የወር ሥራቸው ሲበላሽ አዩ። ኋላ መጥተው አንዱን ከእጄ ወሰዱና በሞረድ እሳቸው ከእኛ በላይ አስረጁት። ከሶሉ ሥር አንዲት የማጽናኛ ቃል ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ በቁጣ ከለከለኝ።

እትዬ፣ ጋሼ ናቸው?

ልጅዎ አዲስአለም


ናዝሬት፣ ሐምሌ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ አዲስአለም፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ይህን ሰላምታ ከጻፍሁ ዓመት አልፎኛል፤ እጄ ናፍቆት ነበር። ይህን ማንአልሞሽ በእጇ ታደርስልሻለች።

አዎን፣ አጎትሽ ነው። አምና ሰኔ፣ ሐሙስ ቀን፣ እኛ ሳሎን ጸሎት ላይ ሳለን መጡ። አሥራ አንድ ነበርን። ወንዶቹን ወሰዱ፤ ሴቶቹን ስማችንን ጽፈው ተዉን። የሚፈልጉት ሌሎቹ የት የት ቤት እንደሚሰበሰቡና እነማን እንደሚመሩ ነው። አጎትሽ ደግሞ ቀያሽ ስለሆነ የከተማውን ቤት ሁሉ ያውቃል ብለው ያዙት። በየቀኑ ምግብ አደርስለታለሁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የቆሸሸ ልብሱን ያወጡልኛል። እግሩን ያወቅሁት ከካልሲው ነው። ነክሬ ነክሬ ውሃው አልጠራ አለኝ።

ልኩን በልብሱ መሐል ሸሽጎ ነው የላከው። ጓደኞቹ ይዘውት ራሱ አሠመረው።

ጥር ላይ የጻፍሽውን ደብዳቤ እኔ ያነበብሁት ሌሎች ካነበቡት በኋላ ነው። ጠርተውኝ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «እነማን ይመጣሉ?» ያልሽው በቀይ ተሰምሮበታል። ጥያቄሽን እነሱ መልሰው ጠየቁኝ። ሁለት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አልተመታሁም። ስምም አላወጣሁም። ተቆጥቼሽ ነበር። አሁን ጨርሶ ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ጫማውን ከፍቼ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድድ ብዙው ወጣልኝ።

ጫማውን ባለፈው ዓርብ ወሰድሁት። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ አገላበጠው፤ አሸተተው። አሮጌ ነው፣ የእኔ ወንድም ጫማ ነበር አልሁት። እጁን አስገብቶ የሱፉን ውፍረት ሲያገኘው ፊቱ ተለወጠ። ምላጭ አወጣና የቀኙን ሶል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው። ቡሹን ፈርፍሮ በእጁ ላይ በተነው። ያኔ ያ ቃል ተጽፎበት ቢሆን ብለሽ አስቢ፤ ልጁን አመስግኚልኝ። ምንም ሲያጣ፣ «ለጴንጤ ደግሞ ትራስ ሰፋችሁለት?» አለና ሁለቱንም ከምግቡ ዕቃ ላይ ጣላቸው። ገባለት። ከተቆረጠ በኋላ ይጥቀመው አይጥቀመው አላውቅም።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርሁም። የሚፈረም ወረቀት አለ። ከፈረመ ይለቀቃል ይላሉ። በግንቦት መጨረሻ አምስት ደቂቃ በሽቦ ማዶ አገናኝተውን ነበር። ፈርምና ና አልሁት። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርሁት ባሌ ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ወዲህ ባልሁት ልጸጸት ወይስ አሁንም ልለምነው እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

በፖስታ ስትጽፊ እንደ ነገርሁሽ አድርጊ።

ፋንታዬሽ


ሲያትል፣ ነሐሴ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ፋንታዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል። እኔ ደህና ነኝ። አየሩ ደስ ይላል። ያ እግሩን ያመመው ሰው እንዴት ሆነ? ሲመችዎ ይጻፉልኝ።

አዲስአለም


ሲያትል፣ ጥቅምት 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ፋንታዬ፤

ለነሐሴው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ጀምሯል። አሁንም ሰሐን አጥባለሁ። ጫማ ሠሪው በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ የምነግራቸው የለኝም። አንድ መስመር ቢሆን ይበቃኛል።

አዲስአለም


ናዝሬት፣ ኅዳር 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ አዲስአለም፤

የሚያጽናና አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ይህ ደብዳቤ የማምነው ከባድ መኪና ነጂ ጅቡቲ ወስዶ ፖስታ የሚጨምርልሽ ነውና በግልጽ እጽፋለሁ። እኔ አጎትሽ በመስከረም መጨረሻ ተለቅቄአለሁ። ቤቱን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ይጠብቀው ስለ ነበር እትዬሽ ሁለቱንም ደብዳቤሽን ተቀብላ አንዱንም ልትመልስ አልደፈረችም። አትቀየሚያት።

ጫማው እጄ ሲገባ የቀኙ ሆዱ ተዘርግፎ ነበር። አብሮን የታሰረ ልብስ ሰፊ ከብርድ ልብሱ ክር መዝዞ፣ የተረፈውን ቡሽ ለቅሞ መልሶ ሰፋው። እንደ አዲሱ ባይሆንም ያዘ። ከክፍላችን እስከ መጸዳጃው ሠላሳ ስድስት እርምጃ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በሰው ጀርባ ነበር የምወሰደው። ሰው በሌላ ሰው ጀርባ ሆኖ ወደዚያ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው አልጽፍልሽም። ጫማውን ባደረግሁ በአራተኛው ቀን ግድግዳውን ይዤ በራሴ ሄድሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የክፍሉ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ጫማው የእኔ ብቻ ሊሆን አልቻለም። ከምርመራ የሚመለስ ሰው ቁስሉ ከደረቀ ጀምሮ የመጀመሪያውን ሳምንት እሱ ያደርገዋል። ጴንጤው፣ ኢሕአፓ የተባለው፣ በስርቆት የገባው፣ አልለየንም። ሚስተር ላርሰን ይህን ቢሰሙ ልካቸው ስለተበላሸ ቅር ይላቸው ይሆን?

ልትጠይቂኝ የማትደፍሪውን ልንገርሽ። ፈረምሁ። እትዬሽ ስለለመነችኝ ብቻ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ወረቀቱ ከቤተሰቤ በቀር በቤቴ ሰው አልሰበስብም የሚል ነው። ስም ስጥ ያሉኝን አልሰጠሁም። ስለ ራሴ ማለት የምችለው ይህን ያህል ነው። አሁን ሐሙስ ሲመጣ እትዬሽና እኔ በሩን ዘግተን እንቀመጣለን። ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግታቸዋለች። ሁለታችንም ስለዚያ የአምስት ደቂቃ ነገር አንነጋገርም፤ እኔ ግን ያን ቀን ቀና ብዬ ያላየኋት እሺ እንዳልላት ፈርቼ ነው፤ አንድ ቀን እነግራታለሁ።

ስወጣ ጫማውን ትቼው መጣሁ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ፤ በሩ ላይ እትዬሽ ስታየኝ መጀመሪያ ያለቀሰችው እግሬን አይታ ነው። ጠፋብኝ አልኋት። ኋላ እውነቱን ነገርኋት።

የምለምንሽ ነገር አለኝ። ሌላ ጫማ እፈልጋለሁ። ለእኔ አይደለም። እኔ እትዬሽ ፎጣ አጥፋ በምታነጥፍልኝ ሰፊ ጫማ ቀስ እያልሁ ገበያ እደርሳለሁ። ሰውየው ሰለሞን ይባላል፤ ከእኔ አጠገብ ነበር የሚተኛው። የእኔው ጫማ ስለሚሰፋው በሄደ ቁጥር ቁስሉን ይፍቀዋል። ቁጥሩ አርባ ነው። የሚፈታ ሰው ስለሚፈተሽ ወረቀት ይዞ መውጣት አይቻልምና እግሩን በስንዝሬና በጣቴ ለክቼ፣ ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ወጥቼ እቤት ነው የሣልሁት፤ ከዚህ ጋር አለ። የግራው ተረከዝ ክፉኛ ተጎድቷል፤ እዚያ ላይ ምንም እንዳይነካው። ብረት የሌለው፣ ያረጀ ይሁን። ማንአልሞሽ በጥር ወደዚህ እንደምትመለስ ሰምተናል፤ በእጇ ይሁን እንጂ በፖስታ አትላኪው።

እናት አለችው፤ ከሩቅ ስለምትመጣ በወር አንዴ ነው የምትደርሰው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው። ወረቀቱን አራት ጊዜ አቅርበውለታል። አልፈረመም።

አጎትሽ ተክለ ጻድቅ